ቆመህ ጠብቀኝ

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚጠይቀኝ ስለ ቀንዱ ነው። ለንደን፣ ስትሪትሃም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ሰው ሳይታከክ የማይተላለፍበት ኮሪደር ላይ የደጋ አጋዘን ራስ ከነአንገቱ ተሰቅሏል። ቀንዱ እየተጠማዘዘ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ አምፖል ስቀይር ወግቶኝ ያውቃል። "ጸዳለ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?" ይሉኛል። መልሴ እንደ ውሎዬ ነው። ደህና የዋልኩ ቀን "የወንድሜ ነው" እላለሁ። ስሰደብ የዋልኩ ቀን ደግሞ "ምን አገባህ፣ ይልቅ ብላ" እላለሁ። ሥራዬ ባተርሲ ውስጥ ያለቦታው በቆመ መኪና ላይ ቅጣት መለጠፍ ነውና ሳልሰደብ የምውልበት ቀን ብዙ አይደለም።

በቀደም አንዱ እየሳቀ "ለምን አትሸጪውም?" አለኝ። ደሜ ፈላ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ባፈና ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። እኔ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ብዬ ወጥቼ እዚሁ ስቀር፣ እሱ ተወልደን ያደግንበት የአርሲ ተራራ ላይ ቀረና የፈረንጅ አዳኞች መሪ ሆነ። ፈረንጆቹ ለፈቃዱ ከፍለው ይመጣሉ፤ እሱ ዱካ ያነባል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያያል፣ ሽታቸው ሳይቀድማቸው አውሬው አጠገብ ያደርሳቸውና "አሁን" ይላቸዋል። እንጀራው ይቺ "አሁን" የምትባል ቃል ነበረች። ሌላውን ጊዜ እንኳን ሲናገር ሲተነፍስም አይሰማም።

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ የሰፈሩ ሰዎች "አንተ ያየኸውን ነው የምትናገረው" ብለው የምርጫ ጣቢያ ታዛቢ አደረጉት። ቆጠራው ሲያልቅ ፈርም የተባለበት ቁጥር እሱ ፊት ከተቆጠረው ጋር አልገጥም አለ። "ያላየሁትን አልፈርምም" አላቸው። በቃ። መጀመሪያ ሥራውን ነጠቁት፣ ቀጥለው እሱን ወሰዱት፤ ሲለቁት አንዱ ጆሮው አይሰማም ነበር። ሁለተኛ ሊወስዱት ሲመጡ ግን ቤት አልነበረም። ዱካ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ዱካ ማጥፋትም ያውቃል። በሰው ፓስፖርት ለንደን ገብቶ የኔ ሶፋ ላይ ተኛ።

ጣጣው የመጣው ከፓስፖርቱ ነው። እዚህ አገር ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከሁሉ በፊት "ማን ነህ?" ይባላል። ባፈና የሚባል የአደን መሪ አገር ቤት እንደሚፈለግ ማንም አልካደም። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ይሄ ሶፋዬ ላይ የሚተኛው ሰው ያ ባፈና ነው ወይ በሚለው ላይ ነበር። ነው ካሉ ይቀራል። አይደለም ካሉ ይመልሱታል፤ ከተመለሰ የሚጠብቀውን የማይሰማው ጆሮው ይናገራል።

በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ "መሪ ከሆንክ ስለ ሥራህ ንገረን" አሉት። እሱም የዋህ፣ ከሁሉ የማይረሳውን አደን ነገራቸው። አንድ እንግሊዛዊ፣ ሚስተር ሃርግሪቭ የሚባል፣ በዘመናዊ ጠመንጃማ ማንም ይገድላል ብሎ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሳለህ፣ የእርሳስ ድቡልቡሉን በዘንግ ትጠቀጥቃለህ፣ አንድ ጊዜ ትተኩሳለህ። ከሳትክ፣ እንደገና እስክታጎርስ አውሬው ቆሞ ሊጠብቅህ ነው። የአባታችን ቤት ምሰሶ ላይም እንዲህ ያለ አሮጌ ነፍጥ ተንጠልጥሎ ነበር። ያገራችን ሰው ስም ማውጣት ሲያውቅበት፣ "ቆመህ ጠብቀኝ" ብሎታል።

ጠመንጃው ስንት ካሊበር ነው፣ አፈሙዙ ምን ያህል ይሰፋል አሉት። "ሃምሳ" አለ፤ ቁጥሯን ከፈረንጆቹ ነው የለመዳት። አስተርጓሚው ደግሞ የጃንሆይ ጦር ወታደር የነበረ ሽማግሌ ነው። ለእሱ ሃምሳ ካሊበር ማለት በመኪና ላይ የሚጠመድ የአሜሪካ መትረየስ ነው። አልጠየቀ፣ አላጣራ፣ "ከባድ መትረየስ" ብሎ ተረጎመላቸው። ወይ ጉድ። በመትረየስ አጋዘን የሚያድን ሰው ዓለም ላይ የለም፤ ይሄ ሰው ወይ ውሸታም ነው ወይ ወታደር ነበር ብለው ጥያቄውን ዘጉበት።

ይግባኙን የያዘችልን ሃይሚ ናት። ኬኒንግተን ተወልዳ ያደገች፣ ጎበዝ፣ አማርኛዋ ግን በየመሀሉ የሚያነክስ የሕግ ሰው። "አንቲ ጸዳለ" አለችኝ፣ "ይሄን ሚስተር ሃርግሪቭን ፋይንድ ካደረግሽልኝ ኬሱ ዳን ነው። ስለ ገኑም እሱ ኤክስፕሌን ያደርጋል፣ ጋሼንም ያውቃቸዋል።" ወንድሜ ሰውየው ወንዝ ዳር ባተርሲ የሚባል ሰፈር እንደሚኖር እሳት ዳር ሲያወራ ሰምቶ ነበር። ባተርሲን ደግሞ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ስልክ ማውጫው ላይ ስሙን አገኘሁት፣ ሄጄ በሩን ስቆረቁር ገና ዩኒፎርሜን አይቶ ፊቱ ተቀየረ። ለካ አረንጓዴዋ መኪናው እኔ የቀጣኋት ናት።

የባፈናን ስም ስጠራለት ግን ቅጣቱንም እኔንም ረሳ። ሰባ ያለፈው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። እጄን ይዞ ሳሎን አስገባኝ። ግድግዳው ላይ ይሄው ራስ ተሰቅሎ ነበር፣ ከስሩም ያ ጠመንጃ። ታሪኩን ደጋግሞ ያወራው ሰው እንደሆነ ያስታውቃል፣ አንድ ቃል አይደናቀፍም። ጭጋግ ነበር፣ ባፈና አደረሰኝ፣ አንዲት አረር፣ ከወርቹ ኋላ፣ አጋዘኑ በቆመበት ወደቀ። በአሮጌ ጠመንጃ ይሄን ያደረገ ከጓደኞቹ መካከል እሱ ብቻ መሆኑን፣ በየዓመቱ እራት ላይ ተነሥተህ ንገረን እንደሚሉት ነገረኝ። ችሎት ቀርቦ ለመመስከር አንዴም አላመነታም። ለሃይሚ የሰጣት ቃልም አጭር ነበር፤ ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ በዚህ ዓመት በዚህ ተራራ መርቶኛል፣ ጠመንጃው እንዲህ ያለ ነው፣ በቃ።

ማታ ለወንድሜ እያጋነንኩ ስነግረው ፈገግ ብሎ ዝም አለ። የወንድሜን ዝምታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ከስሩ ነገር አለ። "አንዲት አረር፣ ከወርቹ ኋላ" ስለው ቀና ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን አየ። ያዝኩት። እስኪነግረኝ አለቀቅኩትም።

ሰውየው ያመጣው ሁለት ጠመንጃ ነው። አንዱ ሃምሳ፣ ሌላው ሃምሳ ስምንት የሚሉት። የሃምሳዋ አረር ደህና ሽንብራ ብታህል ነው፤ የሌላው በመጠን ብዙም አትበልጣትም፣ ስትመዘን ግን አንድ ተኩል ጊዜ ታክላታለች። ወንዱ የደጋ አጋዘን ወይፈን የሚያህል፣ አጥንተ ወፍራም ነውና ወንድሜ ትልቁን ይያዙ አለ። ሰውየው ዳገቱን አይቶ ቀላሉን መረጠ። ከቦታው ከገባች ትንሿም ትበቃለች አለ። "ይሄንስ እውነታቸውን ነው" አለኝ ወንድሜ። "ቦታውን ከሳተ ትልቁም አያድንም።" እሱ እሳቸው ይላል። እኔ እሱ ነው የምለው።

አጋዘኑን ያገኙት በጎኑ ቆሞ ነው፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ቅርበት ላይ። ወንድሜ በእጁ ምልክት ጠብቁ አለ። የፊት እግሩን ወደፊት ሲያነሳ ወርቹ ይላቀቃል፣ ከስሩ ልብና ሳንባው ይገለጣል፤ ያኔ ከወርቹ ኋላ፣ ከሆዱ መስመር ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ይሄን የሚያክል አውሬ በእንዲህ ያለ ጠመንጃ የሚወድቀው እዚያች መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ብቻ ነው። አውሬው እግሩን አላነሳም። ወንድሜም "አሁን" አላለም። ሰውየው ተኮሰ።

ጭሱ ሲገለጥ አጋዘኑ የለም። ደሙን ሲያዩት ፈርስ ተቀላቅሎበታል፣ አረንጓዴ፣ ይሸታል። ሆዱን ነው የመታው። ሆዱን የተመታ አውሬ ቶሎ አይሞትም፤ ሲሠቃይ ይውላል፣ ያድራል። ሰውየው ባሩድ ሊያፈስ ሲሞክር መሬት ላይ በተነው፣ ከዚያም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ወንድሜ ብቻውን ዱካውን ይዞ ሄደ። ዝናብ መጣ፣ ደሙን አጠበው፤ እሱ ግን የተሰበረ ቅጠል እያየ ተከተለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ቆሞ አገኘው። ቆሞ እየጠበቀው ነበር። በራሱ ጠመንጃ አንገቱን መትቶ ገላገለው።

ከዚያ ተመልሶ ሰውየውን እጁን ይዞ ወሰደው። ባጋዘኑ ራስ ላይ እጁን አስነክቶ "ግዳዩ የርስዎ ነው" አለው።

አንጀቴ አረረ። ለምን ብትሉ፣ ችሎት ላይም ገዳዩ እሳቸው ናቸው ሊል ነው ብዬ ነው። አንገቱን ማን እንደመታው የሚያውቀው እዚያ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ይሄንኑ ነገርኩት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

"የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰ ነው ገዳዩ። የአባታችን ሕግ ነው፣ ረሳሽው እንዴ?"

አልረሳሁም። እኛ አገር የመጀመሪያውን ደም ያወጣ ሰው ነው የሚፎክርበት። ሌላው ቢጨርሰው ጨረሰለት እንጂ ገዳይ አይባልም። ግን ይሄ ለፉከራ ነው፣ ለችሎት አይደለም አልኩት። "እንግዳ ነበሩ" አለኝ። "እንጀራቸውን በልቻለሁ። በአገራቸው፣ በሰው ፊት፣ ሆድ መቱ ልበል?" ጮህኩበት። ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታብኝ ጮህኩ። የሰውየው ክብር ይበልጣል ወይስ ያንተ ነፍስ? ሂድና እውነቱን ተናገር፣ ያላየሁትን አልፈርምም ብለህ አይደል ጆሮህን ያጣኸው? አልኩት።

በመጨረሻ "እሺ" አለኝ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል የለ? እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ያገሬን እሺ ረስቼ። እሺ ማለት "ሰምቼሻለሁ፣ አሁን ተይኝ" ማለትም እንደሆነ በዚህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ኑሮ ጠፍቶኝ።

ሃይሚ ደግሞ በማግስቱ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። የአንዱን ቃል ለሌላው እንዳታቀብይ፣ ኮች ማድረግ ይባላል፣ ከታወቀ ኬሱ ይበላሻል ብላኛለች። ስለዚህ የወንድሜን ቃል ለሽማግሌው አላቀበልኩም። ግን እጅ ከአፍ ይለያል። በሥራ ቀን ባተርሲ ሃርግሪቭ ቤት ሻይ ልጠጣ ገባሁ፣ ከአጋዘኑ ራስ ስር ቆምኩና እጄን ከአንገቱ ፀጉር ስር አስገባሁ። ነበረ። የተደፈነ የጥይት ቀዳዳ፣ ደረቅ ያለ፣ እንደ ተልባ ፍሬ ለስላሳ። ሰውየው የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ቆሞ ያየኛል። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። እሱም አልተናገረም። ሻዬን ጠጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ስለዚህ የችሎቱ ቀን ልቤ ሙሉ ነበር። አንዱ እሺ ብሎኛል፣ ሌላው አፍሯል፤ ሁለቱም እውነቱን ይናገራሉ፣ ይገጥማል ብዬ።

መጀመሪያ ወንድሜ ተጠየቀ። ሃርግሪቭ የምስክር ወጉ ነውና ውጪ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። አዲሱ አስተርጓሚ ወጣት ነው፣ ፈጣን፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ። ጥያቄውን የዘጋበት የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬም ክፉ አይመስልም፣ በትሕትና ነው የሚጠይቀው። ስለ ሰፈሩበት ቦታ፣ ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀው፣ ወንድሜ መለሰ። ስለ ጠመንጃው ጠየቀው፣ ወንድሜ አጎራረሱን በባዶ እጁ አሳየው፣ "ቆመህ ጠብቀኝ" የሚለው ስም ሲተረጎም ዳኛው ሳቁ። ሃይሚ ጠረጴዛው ስር አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ከዚያ ሰውዬው አጋዘኑን ማን ገደለው አለ።

"ገዳዩ እሳቸው ናቸው" አለ ወንድሜ።

ወዴት ነው የመታው?

"ከወርቹ ኋላ።"

ልብ በሉ፣ ወንድሜ አልዋሸም። ሆድም ከወርች ኋላ ነው። ጅራትም ከወርች ኋላ ነው። ያላየውን የማይፈርም ሰው ቃሉን መርጦ መርጦ ነው ያወጣው። ግን ይሄን በእንግሊዝኛ ማን ይሰማል? አንተስ ተኩሰሃል? አለው ሰውዬው።

"መሪ አይተኩስም" አለ ወንድሜ።

ይሄም እውነት ነው፤ የሙያው ደንብ ነው። መሪ አይተኩስም፣ ከተኮሰም አይናገርም። ወጣቱ አስተርጓሚ ግን "አልተኮስኩም ይላል" ብሎ ተረጎመው። ልነሣ ስል ሃይሚ በዓይኗ ተቀመጪ አለችኝ። ከኋላ የተቀመጠ ዘመድ አፍ የለውም። ተቀመጥኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። እኔ የሆንኩትን አጋዘኑ አልሆነም።

ሃርግሪቭ ተጠራ። አሮጌ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አጥብቆ ገባ። ወንድሜን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ "ይሄ ባፈና ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ስለ ቦታው፣ ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ ዝናቡ የተናገረው ሁሉ ገጠመ። ጠመንጃው መትረየስ አለመሆኑን አስረዳ። ሰውዬው አሁንም በትሕትና ጥይቱ ወዴት እንደመታ ጠየቀው።

ሃርግሪቭ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ቀስ ብሎም ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። ለዓመታት ስዋሽ ኖሬያለሁ፣ እዚህ ግን የሰው ሕይወት አለና አልዋሽም አለ። ሆዱን ነው የመታሁት፣ ቸኩዬ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያንን አውሬ ተከትሎ በራሱ ጠመንጃ አንገቱን መትቶ ከሥቃይ ያሳረፈው ይሄ ሰው ነው፤ ከዚያም ክብሩን ለኔ ሰጠኝ፣ እኔም ወሰድኩ።

አስተርጓሚው ለወንድሜ በሹክሹክታ ሲተረጉምለት የወንድሜን ፊት አየሁት። አንገቱን ደፋ። እኔ ሲያስሩት ያልደፋውን አንገት ደፋ ብዬ አዘንኩ፤ የደፋው ግን ለራሱ አልነበረም። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ከሁሉ በፊት ያለኝ "ማን እንዲህ አዋረዳቸው?" ነው። ሃርግሪቭ ደግሞ ትከሻውን ይዞ "ለምን? ለምን?" ይለዋል። ተርጉሚ አሉኝ። ቆሜ ተረጎምኩ። የመጀመሪያው ደም የርስዎ ነው ይልሃል አልኩት። ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ። ሃይሚ መስኮቱ ጋ ቆማ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋለች።

ውሳኔውን በስልክ የነገረችኝ እሷው ናት። ዳኛው ሚስተር ሃርግሪቭን ሙሉ በሙሉ አምነውታል። እውነተኛ ሰው ነው፣ የሚያሳፍረውን ሳይቀር ተናግሯል ብለዋል። ባፈና የሚባል መሪ እንደነበረም አምነዋል። ፊት ለፊታቸው የቆመው ሰው ግን እሱ አይደለም አሉ። አጋዘኑን የጨረሰ ሰው መጨረሱን እንዴት ያጣዋል? ስለ በቅሎና ስለ ዝናብ ከሌላ ሰው ሰምቶ ይሆናል፤ ዋናውን ነገር ያላወቀው እዚያ ስላልነበረ ነው። ሽማግሌው ፊቱን አውቀዋለሁ ያለውም ብዙ ዓመት ያለፈው ትውስታ ነው አሉ።

እኔ ስልኩን ይዤ ሳቅኩ። ሃይሚ "አንቲ፣ አር ዩ ኦኬይ?" ትለኛለች። ምን ኦኬይ አለ? አንዱ የሌላውን ክብር ሊጠብቅ አፉን ዘጋ፣ ሌላው የዚህን ነፍስ ሊያድን አፉን ከፈተ፣ ሁለቱ ደጋግ ሰዎች ተጋግዘው ወንድሜን ቀበሩት። ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ስንት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። የአስተርጓሚው? የዳኛው? እሺ ብሎኝ እሺ ያላለው የወንድሜ? እጄን ከአጋዘኑ አንገት ስር ባላስገባ ሽማግሌው የድሮ ተረቱን ይተርት ነበር፣ ይገጥምም ነበር የሚለኝ ሰው አለ። ይበል። እኔ እውነት ነው የነካሁት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ወንድሜ እንደ ልማዱ በየሳምንቱ የሚፈርምበት ቢሮ ሊፈርም ሄዶ በዚያው ቀረ፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ ማቆያ አስገቡት። በዚያው ሰሞን በሬ ተንኳኳ። ሁለት ጎረምሶች በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ይዘው ደረጃውን ሲያለከልኩ ወጥተዋል። ስፈታው ይሄ ራስ ነው። ሃርግሪቭ በስልክ "ባለቤቱ ዘንድ ይሁን" አለኝ። ግድግዳውን ባዶ አድርጎ፣ የእራቱን ግብዣም ትቷል አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለወንድሜ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ። ከወዲያ በኩል የሰው ጫጫታ ይሰማል፣ እሱ በደህናው ጆሮው ነው የሚያዳምጠኝ።

"መልሺላቸው" አለኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ ራሳቸው ናቸው የላኩት" አልኩት። አያችሁ፣ ለእሱ ስል እኔም እሳቸው አልኩ።

"ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው። ሲያልፍላቸው ይቆጫቸዋል። የመጀመሪያው ደም የእሳቸው ነው፤ መልሺላቸው፣ ጸዲ።"

"እሺ" አልኩት።

ትንሽ ሳቀ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። "ያንቺን እሺ አውቃታለሁ" አለኝ።

በሁለተኛው ቀን በአውሮፕላን አሳፈሩት። ቦሌ መውረዱን ያየ ሰው አለ፤ ሁለት ሰዎች መሀል ሆኖ በሌላ በር ሲወጣ ያየ ሰው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም። አርሲ ያሉ ዘመዶቻችን አላየነውም ይላሉ፣ ከዚያ በላይ በስልክ አይናገሩም። ሃርግሪቭ በየእሁዱ እየደወለ ምን ሰማሽ ይለኛል፣ ምንም እለዋለሁ፣ እንዘጋለን። አረንጓዴዋን መኪናውን ያለቦታዋ ቆማ ሳያት አልፋታለሁ።

ጠዋት ለሥራ ስወጣ እጄን ከአንገቱ ፀጉር ስር አስገብቼ ያቺን የተደፈነች ቦታ ነካ አደርጋለሁ። ዳኛው አንዴ ቢነኳት ይበቃቸው ነበር። እመልሳለሁ ብዬዋለሁ፣ እሺ ብዬዋለሁ፣ መቼ እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ራሱ መጥቶ ይመልሰው። እስከዚያ እዚሁ ኮሪደሬ ላይ ቆሞ ይጠብቀው።